ጎንደር ላይ የቤት ሶላር በገዛ እጅ፦ ስሌቱን በነሐሴ ፀሐይ ጀምሩት

መጀመሪያ ሶላር የገዛሁት ጥር ላይ ነው፣ ጥምቀት አልፎ እንግዳው ሁሉ ተሸኝቶ ከተማው ጭር ሲል። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ደመና ሚባል ነገር የለም፣ 4 አምፖል፣ ቴሌቪዥን፣ ሪሲቨር፣ የቤተሰቡ ስልክ ሁሉም ቀጥ ብሎ ሰራ፣ መብራት ሲጠፋ ጎረቤቱ ቻርጀሩን ይዞ እኛ ቤት ይመጣል፣ እኔም በሰፈሩ ኢንጂነር ተባልኩ። ሐምሌ ሲገባ ዜናው ሳያልቅ ቴሌቪዥኑ ድርግም ማለት ጀመረ። ነሐሴ ላይማ አምፖሉም ከምሽቱ 3 ሰዓት አያልፍም። እናቴ አንድ ማታ በጨለማ ቁጭ ብላ «ያንተ ፀሐይ ደሞ ሱባኤ ገባች እንዴ?» አለችኝ፣ ፍልሰታ ነበር።

ጥፋቱ የኔ ነው። ስሌቱን የሰራሁት በጥር ሰማይ ነበር። ከዛ ወዲህ የራሴን አፍርሼ ድጋሚ ሰርቻለሁ፣ አዘዞ ለአክስቴ፣ ማራኪ ደሞ ለአንድ ጓደኛዬ ገጥሜያለሁ፣ እና ይሄን ምጽፈው እዚሁ ከተማ ትንሽ ሶላር በራሱ እጅ ለመስራት ላሰበ ሰው ነው። ኤሌክትሪሺያን አይደለሁም። ምናወራው ስለ 12 ቮልት ትንሽ ነገር ነው፣ የ220ውን መስመር መነካካት ካስፈለገ ባለሙያ ጥሩ፣ እሱ ላይ ቀልድ የለም።

ቅድሚያ ምጣዱን እንጨርሰው

ሶላር ገጥሜያለሁ ስል ሰው መጀመሪያ ሚጠይቀኝ «እንጀራ ይጋግራል?» ብሎ ነው። በኛ አቅም አይጋግርም። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይስባል፣ 2 ሰዓት ቢጋገርበት 7 ኪሎዋት ሰዓት ሆነ ማለት ነው። የኛ ቤት አምፖል፣ ቴሌቪዥን፣ ስልክና ዋይፋይ ተደምሮ በቀን ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም። አንድ የእንጀራ ቀን የሁለት ሳምንት የሶላር ፍጆታችንን ቅርጥፍ አድርጎ ይበላል። ስለዚ ሙቀት ሚያወጣ ነገር በሙሉ፣ ምጣድ፣ ስቶቭ፣ ካውያ፣ ቦይለር፣ ለመብራቱ ይተው፣ ሶላሩ ብርሃን፣ ወሬና ስልክ ይያዝ።

ምጣዱ ላይ ማትረፍ ሚቻለው በአጋገር ነው። ትልቁ ኪሳራ ምጣዱ ከቀዝቃዛ ተነስቶ እስኪግል ድረስ ሚበላው ስለሆነ በሳምንት ሦስቴ ትንሽ ትንሽ ከመጋገር ሊጡን አብዝቶ በአንዴ መጨረስ፣ አከንባሎው ጠርዙ ላይ በደንብ ሚገጥም መሆኑን ማየት፣ መጨረሻ ላይ 2 እንጀራ ሲቀር ማጥፋትና በግለቱ መጨረስ። እናቴ ይሄን ሶላር ሚባል ነገር ሳንሰማ ጀምሮ ነው ምታደርገው፣ በተረፈው ግለት ደሞ ቂጣ ትጥልበታለች፣ እኔ ነኝ ዋት ምናምን ብዬ ዘግይቼ የገባኝ። ሰዓቱም አለ፣ ማታ ከ12 እስከ 3 ሁሉም ሰው እየተጠቀመ ስለሆነ መስመሩ ይጨናነቃል። ህዳሴ ግድቡ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል፣ 5,150 ሜጋዋት ትልቅ ነገር ነው፣ ግን ሰፈራችን ያለው ትራንስፎርመርና የእንጨት ፖል ያው የድሮው ነው፣ ሁሉም ምጣዱን እኩል ሲለኩስ አምፖሉ ይቀላል። ጠዋት ወይ ከሰዓት ጋግሩ። እና እባካችሁ ምጣድ በዲቫይደር አይሰካም፣ 16 አምፒር ነው ሚስበው፣ ሶኬቱ ጠርዙ ከጠቆረ እሳቱ እየመጣ ነው።

ሂሳቡ ደሞ እርከን አለው፣ ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የአንዷ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም አብሮ ይወጣል፣ ስለዚህ ከላይኛው እርከን ላይ ምትቀንሷት ኪሎዋት ሰዓት ናት ብዙ ብር ምታድነው።

ሌላው ሙቅ ውሃ ነው። 50 ሊትር ቦይለር ውሃውን ከ15 ዲግሪ ወደ 55 ለማድረስ 2.3 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ይፈልጋል፣ ቀኑን ሙሉ ሲበራ ደሞ እየቀዘቀዘ እየሞቀ ዝም ብሎ ይበላል። ከመታጠባችሁ በፊት አብሩት፣ ስትጨርሱ አጥፉት። እኛ ቤት ከጥቅምት እስከ ግንቦት ጥቁር ጄሪካን ጠዋት ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ 9 ሰዓት ላይ ለብ ብሎ ይጠብቃል፣ ለልጆች ማጠቢያ በቂ ነው። ለሻይ ውሃ አንዴ አፍልቶ ፔርሙዝ ውስጥ ማስቀመጥ፣ ሽንብራና ባቄላ ከማታ መዘፍዘፍ፣ ይሄ ሁሉም የሚያውቀው ነው ግን ሁሉም አያደርገውም። ፍሪጅ ያላችሁ በሩ ላይ ብር ኖት አስገብታችሁ ዝጉትና ሳቡት፣ ያለምንም ትግል ከወጣ ጎማው አልቋል፣ ብርዱ እየወጣ ነው። ከግድግዳ አንድ 10 ሳንቲም ይራቅ። መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ሲመለስም ወዲያው አትሰኩ፣ ተመልሶ ሲመጣ ቮልቱ እየዘለለ ነው ኮምፕረሰር ሚበላው፣ 5 ደቂቃ ይረጋጋ። የድሮ 60 ዋት አምፖል ካለም አሁኑኑ አውጡት፣ 7 ዋት ኤልኢዲ ያንኑ ብርሃን ይሰጣል።

ይሄን ሁሉ ሶላር ሳትገዙ ነው ምታደርጉት፣ ምክንያቱም የቀነሳችሁት እያንዳንዱ ዋት ፓነልና ባትሪ ላይ ሚወጣ ብር ነው።

ስሌቱ

ወረቀት አውጡ። እቃው ስንት ዋት ነው፣ በቀን ስንት ሰዓት ይበራል፣ አባዙት። የኛ ቤት እንዲህ ነው፦ 4 አምፖል ባለ 7 ዋት ለ5 ሰዓት 140፣ ቴሌቪዥንና ሪሲቨር አንድ ላይ 60 ዋት ለ3 ሰዓት 180፣ 4 ስልክ ተደምሮ ወደ 50፣ ዋይፋይ 10 ዋት ለ12 ሰዓት 120። ድምሩ 490 ዋት ሰዓት። ዋይፋዩን አያችሁት? ትንሽዬ ነገር ናት ግን ስለማትጠፋ አምፖሎቹን ልታክል ምንም አልቀራት፣ ሁሌም ሚበላው ትልቁ እቃ ሳይሆን ማይጠፋው ነው።

ሽቦ ላይ፣ ባትሪ ላይ፣ አቧራና ሙቀት ላይ ሚባክን ስላለ 490ን ለ0.7 አካፍሉት፣ 700 ሆነ። ፓነሉ በቀን 700 ዋት ሰዓት ማምረት አለበት ማለት ነው። አሁን ዋናው ጋ ደረስን። ፀሐይ ከጠዋት እስከ ማታ 12 ሰዓት ብትወጣም ጠዋትና ማታ ደካማ ስለሆነች ሚቆጠረው ሙሉ ኃይሏ ያለበት ሰዓት ድምር ነው። በበጋ ጎንደር ላይ 6 ብላችሁ ብታሰሉ አታፍሩም። 700 ለ6 ሲካፈል 117 ዋት። እኔ 120 ዋት ገዝቼ እንደውም ተርፎኛል ያልኩት ለዛ ነው። በነሐሴ ግን በ4 አስሉት፣ 700 ለ4፣ 175 ዋት፣ ገበያ ላይ ሚቀርበው 200 ዋት ነው። የኔዋ 120 ዋት በነሐሴ ስሌት ከሚያስፈልገኝ ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ነበር ምትሰጠኝ፣ ሦስተኛዋ እጅ የቴሌቪዥኑ ነበረች መሰለኝ።

ባትሪ፦ ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ጄል ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል ግን ግማሹን ብቻ ነው መጠቀም ያለባችሁ፣ 600፣ ከዛ በታች እያወረዳችሁ ከተጠቀማችሁ እድሜው ያጥራል። ለኛ ቤት አንድ ማታ ይበቃል፣ ሁለት ቀን ተከታትሎ ቢጨልም ግን አይበቃም። ሊትየሙ (ፎስፌት የሚባለው አይነት) 90 በመቶውን ያለ ችግር ይሰጣል፣ ውድ ነው ግን በሺ ሚቆጠር ጊዜ ይሞላል ይወርዳል፣ ጄሉ ደሞ በመቶዎች ነው ሚቆጠረው። ብር ካላችሁ ባትሪው ላይ አውጡት። የመኪና ባትሪ አትግዙ። እኔ ገዝቻለሁ፣ ሻጩ «ያው ባትሪ ባትሪ ነው» ብሎኝ፣ 8 ወር ነው የቆየው። የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሳት በአንዴ ብዙ ለመትፋት የተሰራ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ባዶ እስኪሆን ሲለቅ ውስጡ ይበላሻል።

ሱቅ ስትሄዱ

ፒያሳም አራዳም ቅዳሜ ገበያም ሶላር አለ፣ ችግሩ ስቲከሩ ሚለውና እቃው ሚሰጠው አይገናኝም። ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ሙሉ ፀሐይ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1,000 ዋት ናት ተብሎ ነው ሚሰላው፣ ጥሩ ፓነል ከዛ 20 በመቶ አካባቢ ይለውጣል፣ ስለዚህ አንድ ካሬ ሜትር ፓነል 200 ዋት፣ 100 ዋት ደሞ ግማሽ ካሬ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። 50 በ30 ሳንቲም የሆነች ፓነል ላይ 100 ዋት ተጽፎ ካያችሁ 0.15 ካሬ ሜትር ናት፣ 30 ዋት ከሰጠች ጎበዝ ናት። ሻጩ «አዲስ ቴክኖሎጂ ነው» ይላችኋል፣ እሺ ብላችሁ ውጡ። ቴስተር ካላችሁ ደሞ ቀትር ላይ ፀሐይ አስመቷት፣ እውነተኛ ባለ 12 ቮልት 100 ዋት ምንም ሳይሰካበት 22 ቮልት አካባቢ ያሳያል፣ ቴስተሩን ባለ 10 አምፒር ቀዳዳ ላይ አድርጋችሁ ሁለቱን ጫፍ ስታገናኙ ከ5 እስከ 6 አምፒር ይሰጣል።

ባትሪን ደሞ በሚዛን። ባለ 100 ጄል ባትሪ 30 ኪሎ አካባቢ ነው። በአንድ እጅ አንጠልጥላችሁ ምትወጡ ከሆነ ውስጡ እርሳስ ሳይሆን ተስፋ ነው ያለው።

ኮንትሮለር፣ ማለትም ከፓነሉ ሚመጣውን ኃይል መጥኖ ባትሪውን ሚሞላው እቃ፣ ሁለት አይነት ነው። ርካሹ ፒደብሊውኤም ነው፣ ለ12 ቮልት ከተሰራ ፓነል ጋር ጥሩ ነው። አሁን ገበያ ላይ ሚበዛው ግን ትልልቁ ባለ 300 ምናምን ዋት ነው፣ እሱ ቮልቱ 30 እና ከዛ በላይ ስለሆነ በፒደብሊውኤም 12 ቮልት ባትሪ ላይ ስትሰኩት ከግማሽ በላይ ኃይሉ ይቀራል፣ ለሱ ኤምፒፒቲ ሚባለው ያስፈልጋል። ይሄን ሳያውቅ ትልቅ ፓነል በርካሹ ኮንትሮለር ሰክቶ «ተበላሁ» ሚል ሰው አይቻለሁ፣ ማራኪ ያለው ጓደኛዬ ነው። ለኛ 200 ዋት፣ ሁለት ባለ 100 ፓነል በፓራለል (ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ)፣ 30 አምፒር ኮንትሮለር።

ኢንቨርተር፣ የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 ሚቀይረው እቃ ላይ፣ ሰው ሁሉ ትልቅ ይፈልጋል። ባለ 1,000 ዋት ኢንቨርተር ምንም ሳይሰካበት ዝም ብሎ በርቶ 10 ዋት ሊበላ ይችላል፣ በ24 ሰዓት 240 ዋት ሰዓት፣ የቤታችን ፍጆታ ግማሽ ማለት ነው! አምፖሉን ባለ 12 ቮልት ኤልኢዲ አድርጋችሁ በቀጥታ ከኮንትሮለሩ አብሩት፣ ስልኩንም ኮንትሮለሩ ላይ ባለው ዩኤስቢ፣ ዋይፋዩም ብዙ ጊዜ ራሱ ባለ 12 ቮልት ነው አዳፕተሩን እዩት። ኢንቨርተር ባለ 300 ዋት ፒውር ሳይን (እንደ ቤቱ መብራት ንጹህ ሞገድ ምታወጣውን) ትንሿን ግዙ፣ ለቴሌቪዥኑ ብቻ፣ ድራማው ሲያልቅ ትጥፋ።

ጣሪያ ላይ

ሥራውን ሚያዝያ ወይ ግንቦት መጀመሪያ ጨርሱት፣ ክረምት ላይ እርጥብ ቆርቆሮ ላይ መውጣት ሶላር ሳይሆን ወጌሻ ነው ሚያስፈልገው።

ጎንደር ከምድር ወገብ 12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ሰሜን ላይ ነው፣ ስለዚህ ፓነሉ ወደ ደቡብ ይይ፣ 15 ዲግሪ ያህል ይዘንብል። ዲግሪ መለኪያ አያስፈልግም፣ በዘንበሉ በኩል አንድ ሜትር ለሆነ ፓነል የሰሜኑን ጫፍ ከደቡቡ 26 ሳንቲም ከፍ ማድረግ ነው። ቆርቆሯችሁ ራሱ ወደ ደቡብ ካዘነበለ ትይዩ አድርጎ ማሰር ይበቃል። አስገራሚው ነገር ከሚያዝያ 16 ገደማ እስከ ነሐሴ 12 ገደማ ፀሐይ ቀትር ላይ ምታልፈው በሰሜን በኩል ነው፣ ጥላችሁ ወደ ደቡብ ሲወድቅ አስተውላችሁ ይሆናል፣ ስለዚህ ለክረምት ብላችሁ በጣም አታዘንብሉት። ፈጽሞ ጠፍጣፋም አይሁን፣ ዝናቡ አቧራውን አጥቦ ሚወርድበት ያስፈልገዋል። ቀጥ ምትለው ደሞ 6 ሰዓት ላይ ሳይሆን 6 ተኩል ገደማ ነው። ደቡብን በስልክ ኮምፓስ ከቆርቆሮ ላይ ሆናችሁ አትፈልጉ፣ ብረቱ ያሳስተዋል፣ መሬት ላይ ሆናችሁ ግራ እጃችሁን ወደ ፀሐይ መውጫ ዘርጉ፣ ፊታችሁ ደቡብ ነው።

ክረምት ላይ ብዙ ቀን ጠዋት ብራ ሆኖ ከሰዓት ነው ሚጥለው። ስለዚህ በምሥራቅ በኩል ጥላ እንዳይኖር፣ ባህር ዛፍ፣ የጎረቤት ፎቅ፣ የውሃ ሮቶ። የነሐሴዋን ጠዋት ካጣችሁ ሌላ የላችሁም። ጥላ ትንሽ ናት ብላችሁ አትናቁ፣ የፓነሉ ሴሎች በተከታታይ ስለተያያዙ አንዷ ጥግ ስትጋረድ የሌላውንም ትይዛለች፣ እኔ ጋ የሪሲቨሩ ዲሽ ጥላ ነበር፣ ሦስት ወር ሙሉ አላየሁትም።

መቀመጫውን ከአንግል ብረት አሰሩ፣ ብሎኑ ከስር ሞራሌ ያለበት ቦታ ላይ ይግባ፣ የቆርቆሮው ሞገድ ጉብታ ላይ እንጂ ስርጉዱ ላይ አይሁን፣ ውሃ ሚወርደው በስርጉዱ ነው። ጎማ ያለው ብሎን፣ ላዩ ላይ ሲሊኮን። በፓነሉና በቆርቆሮው መሃል 10 ሳንቲም አየር ይለፍ፣ ፓነል ሲግል ምርቱ ይቀንሳል፣ የኛ ብርድ ለዚህ እንኳን ጠቀመን።

ሽቦና አገናኝ

12 ቮልት ላይ ቀጭን ሽቦ ሌባ ነው። 200 ዋቱ ቀትር ላይ 11 አምፒር ይልካል፣ ከጣሪያ እስከ ባትሪ 10 ሜትር ቢሆን ደርሶ መልሱ 20 ሜትር ነው፣ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ከሆነ 1.5 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፣ ባለ 6 ከሆነ 0.6 ብቻ። ባለ 6 ግዙ፣ ወይ ባትሪውን ወደ ጣሪያው አቅርቡት። መጋጠሚያውን በፒንሳ አጥብቃችሁ ያዙት፣ ጠምዝዞ ናስትሮ ብቻ መጠቅለል ከዓመት በኋላ ይዝጋል።

ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ከባትሪው አንድ ስንዝር ባልራቀ ቦታ፣ ባለ 30 አምፒር ፊውዝ ይግባ። ይሄን ማትዘሉት ነገር ነው። 12 ቮልት አይነዝርም ብለው ይንቁታል፣ ግን ካቻቢቴ ሁለቱ ጫፍ ላይ ቢወድቅ ብረቱ ይቀልጣል። ቀለበትና ሰዓት አውልቁ።

ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፦ መጀመሪያ ባትሪው ከኮንትሮለሩ ጋር፣ ኮንትሮለሩ ባትሪውን ሲያውቀው ያበራል፣ ከዛ ፓነሉ፣ መጨረሻ አምፖሎቹ። ሲፈታ በተቃራኒው፣ ፓነሉ ከባትሪው በፊት ይለቀቅ። ባትሪ ሳይኖር ፓነል ብቻ ከተሰካ ኮንትሮለሩ ሊቃጠል ይችላል። ፓነሉ ፀሐይ ካየ ማጥፊያ የለውም፣ ስትሰሩ ብርድ ልብስ ወይ ካርቶን አልብሱት። ኢንቨርተሩ የኮንትሮለሩ አምፖል መውጫ ላይ አይሰካም፣ በቀጥታ ባትሪው ላይ በራሱ ፊውዝ ነው።

አሁን ሚያስፈራኝን ልበል። አንዳንዱ ሁለቱም ጫፍ ወንድ ሶኬት የሆነ ኬብል ሰርቶ የኢንቨርተሩን ኃይል ግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰካና ቤቱን ሙሉ ያበራል። መብራቱ ሲመለስ ኢንቨርተሩ ይጋያል፣ እሱስ ይጋይ፣ የናንተ ኃይል በቆጣሪው በኩል ወደ ውጭ ወጥቶ ትራንስፎርመሩ ጋ ሲደርስ ቮልቱ በሺዎች ይሆናል፣ መስመሩ ጠፍቷል ብሎ ፖል ላይ የወጣ ሰው አለ። የሶላሩ መስመር ለብቻው ይሁን፣ ቤቱን በሙሉ ማብራት ከፈለጋችሁ ባለሙያ ቼንጅ ኦቨር (ቤቱን ወይ ከመብራቱ ወይ ከሶላሩ ብቻ ሚያገናኝ ማብሪያ) ይግጠምላችሁ።

ውሃ ሚጨመርበት ባትሪ ከሆነ ሲሞላ ጋዝ ይወጣዋል፣ ያ ጋዝ በእሳት ይፈነዳል፣ መኝታ ቤትም ምድጃ አጠገብም አይቀመጥ፣ አየር ያለበት ቦታ ይሁን። ሚጨመረው ዲስትልድ ውሃ ነው፣ የቧንቧ አይሆንም።

ከዛ በኋላ

በበጋ በየሁለት ሳምንቱ ጠዋት ሳይግል በጨርቅና ውሃ ጥረጉት፣ አቧራውና የወፍ ኩስ ሚገርም ነው ሚቀንሰው። የጋለ ፓነል ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አትድፉ፣ ኦሞም አያስፈልግም።

እኛ ቤት ኮንትሮለሩ ስር ወረቀት ለጥፌያለሁ፦ ምንም ሳይበራ 12.7 ሙሉ፣ 12.2 ግማሽ፣ ከዛ በታች ቴሌቪዥን የለም። ይሄ ለጄሉ ነው፣ ሊትየም ቁጥሩ ሌላ ነው፣ ቮልቱ እስከ መጨረሻው ስለማይወርድ በቮልት አትለኩት። እናቴ መነጽሯን አድርጋ 11 ሰዓት ላይ ታየዋለች፣ ዋይፋዩን ማን እንደሚያጠፋም እሷ ናት ምትወስነው፣ እኔ አልጠየቅም።

ለማስፋት ሲታሰብ ደሞ ፓነል መጨመር ቀላል ነው፣ የኮንትሮለሩ አምፒር እስከቻለ ድረስ። ባትሪ ላይ ግን አዲሱን ከአሮጌው ጋር በፓራለል አታጣምሩ፣ ደካማው ጠንካራውን ይጎትተዋል፣ ሁለት ሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ከመጀመሪያው አንድ አይነት ሁለት ግዙ፣ ወይ አሮጌው እስኪሞት ጠብቁ፣ የአክስቴ አዘዞ ላይ አሁን እሱን እየጠበቅን ነው።